የሙህሲና ኮረሪማ

ቅጠሉማ ያው ነው፣ ረዘም ያለ፣ ጫፉ ሾል ያለ፣ ከግንዱ ግራና ቀኝ ተራ በተራ የወጣ፣ ሙህሲናስ ብትሆን ከአራት ወር በኋላ በምን ትለየዋለች፣ ትላለች ቦሰና በልቧ፣ የግቢውን ንጣፍ የምታጥብበት ጎማ በእጇ፣ ውሃው እግሯ ሥር ዝም ብሎ እየፈሰሰ። ሁለት የቀለም ባልዲ ከፊቷ። በአንዱ አረንጓዴ፣ ለምለም፣ የማንም ያልሆነች ተክል። በሌላው አራት ጣት የማትሞላ ቡናማ ጉቶና አፈር። ያቺ ጉቶ ናት አደራዋ። አውሮፕላኑ ጧት ደማም አርፏል፣ ሾፌሩ ሊያመጣት ሄዷል፣ ፍተሻው፣ ሻንጣው፣ መንገዱ፣ እንግዲህ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው፣ ሙህሲና በዚህ በር ትገባለች፣ እናቷን ቀብራ ትገባለች፣ ዓይኗም ከሰላምታ በፊት ወደ ደረጃው ሥር ነው የሚሮጠው፣ ቦሰና ታውቃታለች፣ ሦስት ዓመት ሰገነቱ ላይ አንድ ክፍል አብረው አድረው እንዴት አታውቃትም። ታዲያ የቱን ባልዲ ነው ከደረጃው ሥር የምታስቀምጠው? ነገሩ ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

አይ ኮረሪማ! በአንቺ ሰው እንዲህ ይጨነቃል ብሎ ማን ያስባል። ቦሰና የመንዝ ልጅ ናት፣ ዕድሜዋ አርባ ሁለት፣ ኮረሪማን ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ታውቃለች፣ ታውቃለች ማለት ግን ቅዳሜ ገበያ በገመድ እንደ መቁጠሪያ ተሰክቶ፣ ደርቆ፣ ጠቁሮ፣ ተጨማዶ፣ ለቅቤ ማንጠሪያና ለበርበሬ የሚወቀጠውን ነው እንጂ ከየት ይመጣል ብላ ጠይቃ አታውቅም፣ ጨው ከየት ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ፣ ቢጠይቋትም ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚበቅለው ትል ነበር፣ አፏን ሞልታ። እና ይህን ቤት የገባች ሰሞን፣ ሳዑዲ፣ አል ኹበር አል-ጀኑቢያ ሰፈር፣ ገና ሰውም ቋንቋም ሳትለምድ፣ ሙህሲና እጇን ይዛ ወደ ደረጃው ሥር ወስዳ፣ እትዬ ቦሴ ነይ ዘመድ ላስተዋውቅሽ፣ ብላ ከባልዲው ቅጠል ቆንጠር፣ በጣቷ አሸት፣ ወደ አፍንጫዋ ቀረብ ስታደርግላት ጊዜ፣ ቦሰና ምን አለች? በስመ አብ! አለች፣ ጮክ ብላ፣ በዚህ አገር፣ በዚህ ግቢ። የተነጠረ ቅቤ ሽታ፣ ያለ ቅቤ። የዶሮ ወጥ ሽታ፣ ያለ ዶሮ፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ እሳት፣ ከቅጠል! ይህን ሁሉ ዘመን የበላሁት ነገር ሥር አለው እንዴ፣ ቅጠል አለው እንዴ፣ ሕይወት አለው እንዴ፣ እያለች ቆማ ቀረች፣ ሙህሲና ሆዷን ይዛ ሳቀችባት።

ኮረሪማዋ በካልሲ ነው የመጣችው። የሙህሲና እናትና አባት በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው ከፋ የሰፈሩ ናቸው፣ እሷም እዚያው ነው የተወለደችው፣ እናትየው ከደን አፋፍ አምጥተው በጓሯቸው ያበቀሏት ኮረሪማ ነበረች፣ ልጅቷ ወደ ዓረብ አገር ስትነሣ ከሥሯ አንድ ጣት የምታህል ቆረጡ፣ በእርጥብ ቅጠል ጠቀለሉ፣ በካልሲ፣ ካልሲውን በጫማ፣ ጫማውን በሻንጣ፣ በይ ሂጂ አሏት፣ ሰው በሌለበት ሰው ትሁንሽ። እስቲ አሁን ይህ ምን ይባላል? ባሕር የሚሻገር ሥር! ካፊሉ፣ አሠሪው፣ ያላየው፣ ፈታሽ ያልደረሰበት፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ የሌለው። እዚህ መጥታ ደግሞ ትበቅላለች ያለ ማን ነበር፣ ሰው በሚቀቀልበት አገር። እሷ ግን በቀለች። ከደረጃው ሥር፣ ፀሐይ በማያገኛት ጥግ፣ የኤሲው ውሃ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ በሚልባት፣ የባሕሩ ወበቅ እኛን እያነቀ እሷን እያረሰረሰ፣ በቀለች፣ ቁመቷ ከቦሰና ትከሻ ደረሰ።

ባለፈው ሐምሌ ደግሞ አበበች። ያን ቀን ቦሰና አንገቷ እስኪጣመም ከቅጠሉ ጫፍ ጫፍ ላይ አበባ ስትፈልግ፣ ምን ወደ ላይ ያንጋጥጥሻል እትዬ፣ ወደ ታች እይ እንጂ፣ አለቻት ሙህሲና። ወደ ታች? አዎ ወደ ታች። ከግንዱ ፈንጠር ብላ፣ ከአፈር፣ ቅጠል የላት፣ ቅርንጫፍ የላት፣ ብቻዋን ከመሬት ወጥታ፣ ሐምራዊ የነካው ነጭ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ፣ አንዲት አበባ። ቦሰና ተንበረከከች፣ ንጣፉ ትኩስ ነበር፣ ጉልበቷን ፈጀው፣ ግን አልተነሣችም። የኔ ጌታ፣ እንዲህም ትሠራለህ? ሰው ሁሉ አናቱን ሲያስጌጥ አንተ ይቺን ከእግሯ ሥር አስጌጥካት? የቤቱ እመቤት፣ ማዳም፣ በመስኮት አይታቸው ምንድን ነው፣ ሙሽኪላ አለ ወይ አለች። ማፊ ሙሽኪላ ማዳም፣ ምንም የለም፣ አበባ ነው። በማግሥቱ ሟሸሸች። አንድ ቀን ብቻ። ቦሰና ዛሬም ድረስ ሲከፋት ያቺን አበባ ነው የምታስበው፣ ለሰው አትናገርም እንጂ።

እና ኅዳር መጣ፣ ሙህሲና እናቷ ታመሙ ተብሎ ፈቃድ አግኝታ ስትሄድ፣ ሻንጣዋ በር ላይ፣ እሷ ከባልዲው ጋር። እትዬ ቦሴ አደራሽን። ብርድ አትችልም፣ ሞቃት አገር ናት እሷ፣ አሁኑኑ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አስገቢያት፣ መስኮቱ ሥር፣ ነፋስ እንዳያገኛት፣ ውሃ በጣም ቀንሺ፣ በብርድ ጊዜ ውሃ መርዟ ነው፣ እኔ ደውዬ አውጪያት እስክልሽ ድረስ እንዳታወጫት። ቦሰና ደግሞ ምን አለች? ኧረ ወዲያ! የመንዝ ሰው ብርድ ልታስተምሪ? እኔ ውርጭ ላይ ተወልጄ፣ ውርጭ ላይ አድጌ፣ አባቴ ባቄላውን ከውርጭ ሲያስጥል በጉልበቴ ስድኽ የኖርኩ ሴትዮ፣ አንቺ የከፋ ልጅ፣ ብርድ በስሙ እንጂ በመልኩ የማታውቂ! ተሳሳቁ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ፣ አለቻት ቦሰና ደረቷን መትታ። ሰው ስንቱን ጊዜ ደረቱን ይመታል፣ ኋላ ለሚቆጨው።

ጠበቀቻትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጠብቃታለች። ኅዳርን፣ ታኅሣሥን፣ ከገና እስከ ጥር አሥር፣ ልብስ ማጠቢያው ሲሠራ ክፍሉ ይሞቃል፣ ባልዲውን በገዛ ጋቢዋ ዙሪያውን ጠቅልላ፣ እሷ በስስ ብርድ ልብስ እያደረች፣ በሳምንት አንድ ስኒ ውሃ፣ ከዚያ አታልፍም። ከዚያ ጥር አሥራ አንድ ደረሰ። ጥምቀት። የዚህ ቤት ሰው አያውቀውም፣ ቦሰና ግን ጧት ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ በሩን ቆልፋ፣ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ በውሃው ድምፅ ተከልላ እልል አለች፣ ሦስት ጊዜ፣ ፊቷን ታጠበች፣ አለቀሰችም ትንሽ፣ ስትወጣ ልቧ ሞልቶ ነበር። ታቦት ከትናንት ወጥቷል፣ አገር ሁሉ ውጭ ነው፣ ይቺ ምስኪን እዚህ የሳሙና ሽታ ውስጥ ምን ታደርጋለች? የቦሰና አባትም፣ ውርጭ በጥቅምት ይገባል፣ በኅዳር ይነግሣል፣ ጥምቀትን ግን አይሻገርም፣ ይል ነበር፣ በዚህች ቃል ተሳስቶ አያውቅም፣ ጥምቀት ካለፈ የመንዝ ገበሬ ሰማዩን አያይም። ጋቢውን ፈታች፣ ባልዲውን አቀፈች፣ ወደ ግቢ። ወደ ፀሐይ። እልል በይ አንቺም፣ አለቻት፣ ብርድ አለፈልሽ።

የመንዝ ብርድ ነው ያለፈው! አንቺ ሴትዮ፣ የመንዝ ብርድ! እዚህ ገና መጀመሩ ነው፣ እዚህ ጥርም የካቲትም ሌላ ነው፣ ማን ነው የአባትሽን ቃል ለባሕረ ሰላጤ ያስነገረው? ጋቢውን ለብሳ ደግሞ፣ ሞቋት፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደልቷት ተኛች።

ጥር ሃያ ስድስት ከቀትር በኋላ ሸማል የሚሉት የሰሜን ነፋስ ተነሣ። የመንዝ ውርጭ ጨዋ ነው፣ ዝም ብሎ ነው የሚመጣው፣ ሰማይ ጥርት፣ ነፋስ ጸጥ፣ ጧት መሬቱ ነጭ ለብሶ ታገኘዋለህ፣ እንደ ጥሬ ጨው። ይሄ እያፏጨ ነው የመጣው፣ አሸዋ ይዞ፣ የቤቱን በር እየደበደበ፣ ቦሰና ነፋስ ነው ብላ ናቀችው፣ ነፋስ ውርጭን ያባርራል ብላ ያደገች ናት፣ እንዲያውም ደስ አላት። ጧት ወርዳ አየች። ነጭ ነገር የለም። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ ትንሽ ዘንበል ብሏል፣ በቃ። ስልኳ አምስት ዲግሪ ይላል፣ አምስት! አምስት እኮ እኛ አገር የሠርግ አየር ነው። እሰይ፣ ብላ ወደ ወጥ ቤቷ። ሩዙን ጥዳ፣ ዓሣውን ጠብሳ፣ ምሳ አቅርባ፣ ዕቃ አጥባ ስትወጣ፣ ቅጠሉ ጠቁሯል። አልደረቀም፣ አልተቆረጠም፣ እንደ ተቀቀለ ጎመን ነው የሆነው፣ ብርሃን ያስተላልፋል፣ ስትነካው እርጥብ ነው፣ ይለሰልሳል፣ ከዓይኗ ፊት አንዱ ቅጠል ከሌላው ኋላ አንገቱን ደፋ። እስከ ማታ አንድም አረንጓዴ አልቀረም። ያለ ውርጭ የሚገድል ብርድ! ጧት ገድሎ ቀትር ላይ የሚያረዳ! ቦሰና እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች፣ ፈራች፣ ብርዱን ሳይሆን የሠራውን ፈራች፣ እኔ ብርድ አውቃለሁ ብዬ ነበር እንዴ፣ የቱን ብርድ፣ ምኑን አውቄ።

ስልኩም ያኔውኑ ነው የጮኸው። ኢሞ ላይ የሙህሲና ፊት፣ ጥቁር ሻሽ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ። እትዬ ቦሴ፣ እማዬ ሄደችብኝ። ኧረ! ኧረ ልጄ! መቼ? ትናንት፣ ዛሬ ቀበርናት፣ አልሃምዱሊላህ ብዙ አልተሠቃየችም። ቦሰና የሚባለውን ሁሉ አለች፣ አላህ ሶብር ይስጥሽ፣ አፈሩን ያቅልልላት፣ ደረቷን እየደቃች፣ ዓይኗ ግን በባልዲው ላይ፣ ስልኩን ወደ ግድግዳ አዙራ። ወንድሟ ጓሮውን ለመድኃኒትና ለሐኪም ብሎ ቀድሞ ሸጦታል፣ ገዢው ሁሉን ነቅሎ ባሕር ዛፍ ሊተክልበት ነው፣ ነቅሏልም፣ አንዲት ኮረሪማ አልቀረችም እትዬ፣ ከእማዬ እጅ የቀረችኝ ያቺው አንቺ ጋ ያለችው ናት። እንዴት ናት? ደህና ናት ወይ?

ደህና ናት። አምሮባታል።

ምን ትበል? እስቲ ማን ነው ምን ትበል የሚላት? እናቷን የቀበረችበት ቀን፣ በዚያች ሰዓት፣ እሷም ሞተች ትበላት? አንዴ የወጣ ውሸት ግን ብቻውን አይኖርም፣ ይወልዳል፣ በሳምንቱ ስትደውል አዲስ ቅጠል አወጣች አለች፣ ማን ጠየቃት፣ ፎቶ ላኪልኝ ስትባል ካሜራው ተበላሸ አለች፣ ባልተበላሸ ካሜራ እየተያዩ! ሙህሲና ሐዘን ላይ ሆና አላስተዋለችም። አላስተዋለችም መሰለኝ። ያስተዋለ ግን አለ፣ እግዚአብሔር፣ ጾም ገብቷል፣ ቦሰና ፉሏን ያለ ቅቤ እየበላች በዚሁ አፏ ትዋሻለች፣ አቤት ጾም።

ከውሸቱ የከፋው ውሃው ነው። ጥፋቱን ያጥብልኝ ብላ ይሆን፣ በየቀኑ አጠጣቻት፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ጧት ጧት፣ ጠጪልኝ እማማ፣ እንደ በሽተኛ እያባበለች፣ ውሃ መርዟ ነው የተባለችውን ሴትዮ ጭንቀት አስረስቷት። በሳምንቱ ስታጠጣ ባሺር አገኛት። ባሺር አትክልተኛው፣ የህንድ ማላባር ሰው፣ ሽማግሌ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ለዚህ ግቢ የሚመጣ፣ ቀሪውን ኒስፍ አልቀመር በሚባለው ባሕር ዳር ያሉትን የመዝናኛ ቤቶች አትክልት የሚጠብቅ። ባልዲውን አይቶ ጮኸ። ማይ ማፊ! ማይ ማፊ፣ ያ ኡኽቲ! ውሃ የለም፣ ውሃ ተዪ እህቴ። ጣሳውን ከእጇ ነጠቃት። የጠቆረውን ግንድ ከአፈሩ አራት ጣት ትቶ ቆረጠው፣ ባልዲውን ከሥሩ በሳው፣ የተምር ዛፍ ቃጫ አምጥቶ አፈሩን አለበሰው፣ በላዩ ጆንያ፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው መለሳት። ማዳም እዚያው ቆማ፣ ኸላስ፣ ሞቷል፣ ወደ ዚባላ ጣሉት፣ ቆሻሻ ነው፣ ብትል ባሺር እጁን ዘርግቶ በመካከል ቆመ፣ ያ ዝምተኛ ሰውዬ! ፎቅ ኸላስ ማዳም፣ አለ፣ ላዩ አለቀ። ከዚያ ጣቱን ወደ ታች። ታሕት ፊ። ታች አለ። ሁለት እጁን አጋጥሞ ጉንጩን አስደገፈባቸው፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ተኝታለች ማለቱ ነው። አገሩ የሄል አገር ነው፣ ዝንጅብልም እርድም ኮረሪማም እኅትማማች ናቸው አላት በዚያ በሰባራ ዓረብኛ፣ ሁሉም ነፍሳቸውን ከታች ነው የሚያስቀምጡ፣ ላይ ያለው ልብሳቸው ነው፣ ብርድ ሲመጣ ልብሱን ጥለው ይተኛሉ፣ ቆፍረሽ እንዳታያት ግን፣ የተኛን ሰው እየቀሰቀሱ ደህና አደርክ አይባልም።

ልብስ! ቦሰና ይህን ነገር ስታመነዥገው ከረመች። እኔ የሞተ ሰው አስከሬን መስሎኝ የማለቅስበት ልብስ ነው? እና ራሷ የት ናት? እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ያለ ዓይን፣ ያለ አፍ፣ ምን እያሰበች ነው የምትቆየው፣ ቀኑ መሞቁን ማን ይነግራታል? አንድ ጧት ከወጥ ቤቱ ቅርጫት የተረሳ ዝንጅብል አነሣች፣ ልትልጠው ነው፣ ሲታይ ዓይን አውጥቷል፣ አረንጓዴ፣ ሹል፣ አፈር የለ፣ ውሃ የለ፣ ከቅርጫት ውስጥ! ቢላዋውን አስቀመጠች። ያን ቀን የማዳም ሾርባ ያለ ዝንጅብል ወጣ። እንዲህ ያለ ነገር ይዞ እየዞረ ያለ ዓለም ውስጥ ሆኜ እኔ የማውቀው ምንድን ነው፣ ቅቤ ማንጠር ብቻ? ግን የሙህሲና ባልዲ ዝም ነው። የካቲት አለቀ፣ መጋቢት ገባ፣ ሙቀቱ መጣ፣ ከዚያው ክፍል አውጥታ ፀሐይ አስጠጋቻት፣ ዝም። አፈሩን ታሸታለች፣ የረጠበ ነገር ይሸታል፣ የበሰበሰ። ባሺርም ትናንት ጎንበስ ብሎ አሸተተ፣ እንደ በፊቱ ታሕት ፊ አላለም፣ ኢንሻ አላህ አለ ብቻ፣ እሷን አየት አድርጎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ዛሬ በማለዳ ደግሞ ይህን ሁለተኛውን ባልዲ ይዞላት መጣ። ከባሕር ዳሩ ግቢ ነው፣ የዚያው ዘር ነው፣ ለጌጥ የሚተከል፣ ቅጠሉ ቁርጥ እሷን። አዝኖላት ነው። ምንም አልተናገረም፣ አስቀምጦ ሄደ።

እና ይኸው። ቦሰና ጎማውን ዘጋች። የአዲሱን ቅጠል ቆነጠረች፣ አሸች፣ አሸተተች። ሣር። ሣር ነው፣ ትንሽ ሎሚ ነገር። ወረርሽኝ ይምታህ ሣር! እሺ፣ ሽታዋ በብርዱ ጠፋ እላለሁ፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው፣ ምን አለበት፣ ልጅቷ ትንሽ ትረፍ፣ ሐዘኗ ይብረድላት፣ ከስድስት ወር በኋላ ይህችም ትሙትና ያኔ አብረን እናልቅስ፣ ደግሞስ ለማን ብዬ ነው፣ ለእሷ አይደል፣ ለእሷ ነው ወይስ ለኔ ነው፣ ለእሷ ነው። ለኔ ነው። አነሣችው፣ ከደረጃው ሥር፣ በዚያችው ጥግ፣ በኤሲው ጠብታ ሥር አስቀመጠችው። የጉቶዋን ባልዲ ከጋዝ ሲሊንደሩ ኋላ ደበቀቻት። ከኋላዋ በሩ ተከፈተ፣ መኪናው መቼ እንደቆመ አልሰማችም።

ሙህሲና። ከስታለች፣ ወይኔ ልጄ፣ አባያው ተንጠልጥሎባታል፣ ሃያ ስምንት ዓመቷን ማን ይላታል። እትዬ። መጣሽ፣ መጣሽ የኔ እናት፣ አላህ ያጽናሽ፣ ጉንጭ ለጉንጭ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ፣ የሙህሲና ሰውነት እንደ ወፍ ቀሎ፣ ከዚያ ያው እንደ ተባለው አገጯ ከቦሰና ትከሻ ላይ ሳይነሣ ዓይኗ ሄደ። ቆመ። አልሃምዱሊላህ! አለች፣ ከሆዷ ውስጥ የወጣ ድምፅ፣ ሻንጣዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ሮጣ ተንበረከከች፣ እማ፣ እማዬ፣ አምረሽ ቆየሽኝ፣ ቅጠሉን በሁለት እጇ ይዛ ጉንጯ ላይ አደረገችው፣ እትዬ ቦሴ አንቺን አላህ ምን ይክፈልሽ፣ እኔ አላምንም ነበር እኮ፣ መንገድ ላይ በሙሉ ሞታ ይሆናል ስል ነው የመጣሁት፣ ቦሰና ቆማ ታያለች፣ አልቋል፣ ተሳክቷል፣ ዝም ማለት ብቻ ነው የቀራት፣ ዝም በይ፣ ዝም በይ ቦሰና፣ የሙት ልጅ ደስ ሲላት አይተሽ አታውቂም እንዴ፣ ሣር አቅፋ፣ የባሕር ዳር ሣር እማ እያለች፣ እንዲህም ቀልድ አለ፣ ይህን ያየ ዓይን ነገ ምን ያያል፣

እሷ አይደለችም።

ማን ነው የተናገረው? እሷው ናት። ሙህሲና ዞር አለች፣ ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ፣ ምን አልሽ እትዬ? እሷ አይደለችም ሙህሲ፣ እኔ ገድያታለሁ፣ ሳትነግሪኝ በጥምቀት አወጣኋት፣ ብርድ አለፈ ብዬ፣ የአባቴን ብርድ ቆጥሬ፣ ነፋሱ በላት፣ ከዚያ ውሃ አጠጣኋት፣ አታጠጪ ያልሽኝን፣ ከዚያ ደህና ናት አልኩሽ፣ በቀብሩ ቀን፣ አዲስ ቅጠል አልኩሽ፣ ካሜራ አልኩሽ፣ ይህንን ደግሞ ዛሬ ጧት ነው ያስቀመጥኩት፣ አታቅፊው፣ በናትሽ አታቅፊው።

ፈገግታው ጠፋ። ሙህሲና ቅጠሉን ለቀቀች፣ እጇን በአባያዋ ጠረገች፣ ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት። የት ናት? ቦሰና ከሲሊንደሩ ኋላ አወጣችላት። ሙህሲና ጉቶውን አየች፣ አፈሩን አሸተተች፣ ሽታው ቦሰናም ጋ ደረሰ። እማዬን ደግሜ ልቅበራት ነው የጠበቅሽኝ? አለች፣ ሳትጮህ። ብትጮህ ይሻል ነበር። ስደቢኝ ልጄ፣ ምቺኝ። አልሰማቻትም። ጣቶቿን አፈሩ ውስጥ ከተተች፣ አልቆፈረችም፣ ዳበሰች፣ እንደ አዋላጅ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አንዲት ቁራጭ አወጣች፣ ጥቁር፣ ውሃ የሆነች፣ በጣቷ መካከል ፈረጠች፣ ጣለቻት። ሌላ። ፈረጠች። ሌላ። ቦሰና በእያንዳንዷ ፊቷን የተመታች ያህል ዓይኗን ትጨፍናለች፣ እኔ ነኝ፣ ይህችም የኔ ውሃ ናት፣ ይህችም የኔ ውሃ ናት፣ ሦስት፣ አራት፣ ስንት እጅ ነበራት እዚያ ታች፣ ይህን ያህል ሆና ነው ዝም ያለችው፣ አምስት፣ የባልዲው ቂጥ ተደርሷል፣ ከዚያ በታች ምን አለ፣ ላስቲክ ነው።

የሙህሲና እጅ ቆመ።

አይወጣም፣ አይንቀሳቀስም። ያ ረቢ፣ ትላለች ከንፈሯ ብቻ። ቦሰና መተንፈስ ትፈራለች። ከባልዲው ጎን ነው፣ ከዳር፣ አንድ ነገር ይዛለች፣ ፊቷ ተለውጧል፣ ቁጣው አለ፣ አልሄደም፣ ግን ሌላ ነገር መጥቶበታል። እትዬ፣ ትላለች። አቤት። ጣትሽን አምጪ። እኔ? እኔ አልነካትም፣ የኔ እጅ። ጣትሽን አምጪ ነው የምልሽ! ይዛት ወደ ታች ትስባታለች፣ ቦሰና ተንበርክካለች፣ አፈሩ ከላይ ሞቃት ነው፣ ዝቅ ሲል ይቀዘቅዛል፣ ሙህሲና የጣቷን ጫፍ ይዛ ትመራታለች፣ እዚህ፣ ትንሽ ወዲህ፣ እዚያች ላይ። ደረቅ ነገር። ያልለሰለሰ። አውራ ጣት የማታክል። በላይዋ ደግሞ፣ ኧረ የኔ ጌታ፣ በላይዋ የጥጃ ቀንድ ሊወጣ ሲል ከፀጉሩ ሥር እንደሚዳሰሰው፣ ጠጣር፣ ሹል፣ ወደ ላይ የዞረች። በዚያ ሁሉ ብስባሽ መካከል። በዚያ ሁሉ ውሃዬ መካከል። ወደ ላይ የቱ እንደሆነ ማን ነገራት? ስድስት ሳምንት እኔ ስዋሽ፣ እኔ ስፈራ፣ እኔ ሣር ሳስቀምጥ፣ ይቺ እዚህ ጨለማ ውስጥ ማንንም ሳትጠይቅ፣

አትጫኚያት፣ ትላለች ሙህሲና፣ እንባዋ በአፍንጫዋ ጫፍ ወደ አፈሩ እየወረደ።

ቦሰና አትጫናትም። ጣቷንም አታነሣም።